ባሌ ጠንቃቃ ነው ወይስ ታሟል? «ኦሲዲ ነው» ተባልን፣ መድኃኒቱ ግን ጠባዩን አልነካውም

የሰኔ_ዝናብ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን። ሲቪል መሐንዲስ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ አያመሽም። ማለቴ ያመሻል፣ ግን ቢሮ ነው። እናቴ «እግዜር ወዶሽ ነው» ትለኛለች።

ቤታችንን መቀባት የጀመርነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሳሎኑ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል። ኮሪደሩ እስካሁን ስቱኮ ብቻ ነው። ቀለም ቀቢዎቹን «ጠርዙን አበላሹት» ብሎ አሰናበታቸው። ራሱ ሊጨርሰው ነበር፣ መጀመሪያ ግን ትክክለኛው ብሩሽ መገኘት አለበት። ብሩሹ አልተገኘም።

አስቤዛ ስወጣ ዝርዝር ይሰጠኛል። ሽንኩርት ሰፈር ስንት፣ አትክልት ተራ ስንት፣ የታክሲው ሲቀነስ ስንት። ደረሰኝ ካላመጣሁ ያ ምሽት አለቀለት። ቸግሮን አይደለም። «ክፉ ቀን ይመጣል» ነው መልሱ። ክፉ ቀን እስኪመጣ ግን ደጉን ቀን እየጨረሰብን ነው። ዕቃ ቤቱ በተሰበረ ጃንጥላ፣ በሞተ ቻርጀርና በካርቶን ተሞልቷል። አንዱን ብጥል ያውቃል።

ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትሰጠው «ፊደሎቹ መስመር ለቀዋል» ብሎ ገጹን ይቀድና እንደገና ያስጽፋታል። ባለፈው ሳምንት አራት ጊዜ አስጻፋት። በአራተኛው አላለቀሰችም። ዝም ብላ ጻፈች። እኔን የነካኝ ዝምታዋ ነው።

ሥራው ላይም ያው ነው። አንድ ሪፖርት ሦስት ሳምንት አዘገየ፣ የሠንጠረዡ መስመሮች ውፍረት አልተመሳሰለም ብሎ። ረዳት ሲሰጡት ሥራውን ከረዳቱ እጅ ወስዶ ራሱ ይሠራዋል። ዘንድሮ ዕድገቱ አለፈው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

በስንት ልመና አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ «ኦሲዲ ነው» ተባለና ፍሎክሰቲን ተጻፈለት። ስድስት ወር ዋጠ፣ በሰዓቱ፣ በሠንጠረዥ እየመዘገበ (መድኃኒት መዋጥ ላይማ አንደኛ ነው)። እንቅልፉ ትንሽ ተሻለው። ጠባዩ ግን ንቅንቅ አላለም። እሱ «እኔ ምንም የለብኝም፣ ሌላው ሰው ነው ዝርክርክ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳገላብጥ ኦሲፒዲ የሚል ነገር አየሁ። የሚያውቅ አለ?

ጎመን_በጤና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡32

የኔን ባል ልላክልሽ? ካልሲው ሶፋ ስር፣ ስልኩ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚገኘው። እንለዋወጥ ሃሃሃ።

የምሬን ግን፣ ቆጣቢና ስራ ወዳድ ሰው ሀኪም ጋ ይወሰዳል እንዴ? ፈረንጅ ለሁሉም ነገር የበሽታ ስም ያወጣል። አያቴ ልክ እንደዚህ ነበሩ። አንድም ሀኪም ሳያያቸው ዘጠና አመት ኖሩ።

ነጭ_ጋዋን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ነው። ያላየሁትን ሰው በጽሑፍ አልመረምርም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ስለ ሕመሙ ግን ማውራት እንችላለን።

ኦሲዲና ኦሲፒዲ በስም ይቀራረባሉ እንጂ ሌላና ሌላ ናቸው። ኦሲዲ የያዘውን ሰው የገዛ ሐሳቡ ያሠቃየዋል። «እጄ ቆሽሿል» የሚል ሐሳብ ሳይጠራው ይመጣበታል። ከንቱ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያውቃል፣ ግን ሲታጠብ ያመሻል። ከሐሳቡ የሚገላግለው ሰው ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ኦሲፒዲ ግን የስብዕና መዛባት ነው። ሰውዬው ከምን ይገላገል? ለእሱ ትክክሉ እሱ ነው። መስተካከል ያለባቸው ቀለም ቀቢው፣ ረዳቱ፣ ሚስቱ ናቸው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገኙም ይችላሉ፣ ስለዚህ በአሥር ደቂቃ አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5፣ ስምንት ምልክቶች ያስቀምጣል፤ ቢያንስ አራቱ መኖር አለባቸው። የነገሩ ዓላማ እስኪጠፋ በዝርዝርና በደንብ መጠመድ። እንከን የለሽ ካልሆነ እያሉ ሥራን አለመጨረስ። ለወዳጅና ለዕረፍት ጊዜ እስኪጠፋ ለሥራ መገዛት። በትክክልና በስሕተት ጉዳይ ድርቅ ማለት። የማይረባ ዕቃ መጣል አለመቻል። ሌላው «እንደኔ ካልሠራ» ብሎ ሥራ አለማካፈል። ገንዘብን ለክፉ ቀን ብቻ ማየት። ግትርነት። ከጻፍሽው ውስጥ ስንቱ እንዳለ አንቺው ቁጠሪ።

ቆጠራ ብቻውን ግን ምርመራ አይሆንም። ነገሩ ከወጣትነት ጀምሮ የኖረ መሆን አለበት። ቤትም፣ ቢሮም፣ ጓደኛ ጋም መታየት አለበት። ሰውዬውን ወይም ኑሮውን እየጎዳ መሆን አለበት። ዕድሜውን ሙሉ ዝርክርክ የነበረ ሰው በሃምሳ አምስት ዓመቱ ድንገት እንዲህ ቢሆን ወደ ሌላ ሕመም ነው የምንሄደው፤ ጭንቅላቱን ጭምር እናስመረምራለን።

ጎመን በጤና፣ አያትሽ ምናልባት ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፣ በቃ። የጠንቃቃ ሰው ሥራ ያልቃል። የዚህኛው ኮሪደር አራት ዓመቱ ነው። የፈረንጅ አዲስ ፋሽንም አይደለም። ፍሮይድ ሥርዓት፣ ቁጠባና ግትርነት አንድ ሰው ላይ ተሰብስበው እንደሚገኙ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው።

ጎመን_በጤና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡11

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን እንዲህ የቆየ ነገር ከሆነ ለምንድነው ማንም የማያውቀው?

ነጭ_ጋዋን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

ስለሚመሰገን ነዋ። ዲኤስኤም-5 ራሱ ከስብዕና መዛባቶች ሁሉ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው ይላል፣ ከ2.1 እስከ 7.9 በመቶ። ግን ልጁን «ጎበዝ» እያሉ ያሳድጉታል፣ መሥሪያ ቤቱ «ታታሪ» ብሎ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ማን ይጠረጥራል?

የኛም አገር ነገር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያለነው ጥቂት ነን። ጠዋት በሩ ላይ ሳይተኛ ሳምንት የሆነው፣ እጁ በገመድ ታስሮ የመጣ፣ ከሩቅ ገጠር በሁለት ቀን መንገድ የደረሰ ሰው አለ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቀጠሮው ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የተገኘ መሐንዲስ ማን ልብ ይለዋል? እኔ ራሴ ስንቱን አሳልፌ ይሆን እላለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡20

አንብቤ ስጨርስ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ባልሽ እኔ ነኝ። ማለቴ፣ እኔ ያላገባሁ ነኝ (ማን ያገባኛል?)፣ ግን እኔ ነኝ።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማስተርሴን ሰባት ዓመት አልጨረስኩም። ጽሑፉ አልቆ ነበር። መግቢያውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩት። አማካሪዬ «በቃ አስረክብ» ስትለኝ ለሥራ ክብር የሌላት ሰው መሰለችኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የሦስት ሳምንቱን ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ ከፋፍዬ፣ ፕሮግራሙን አትሜ ኤርፖርት ጠበቅኩት። በአምስተኛው ቀን የአክስታችን ልጅ ጋ ሄደ። በዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ የተናደድኩት ባለመመለሱ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ በመበላሸቱ ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሐኪም ጋ የሄድኩት ለዚህ አይደለም። ድብርት ይዞኝ ነው። ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ለቴራፒስቷ የሕይወት ታሪኬን በአሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ወሰድኩላት። ማውጫ ነበረው። አገላብጣ «ይሄን ለመጻፍ ስንት ቀን ፈጀብህ?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት። ለዚሁ ስል የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አራዝሜዋለሁ። «ሁለት ሳምንት መነሳት አቅቶህ ተኝተህ፣ ማውጫ እያስተካከልክ?» አለች። እዚያ ላይ ነቃሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀጠሮ ጥያቄ ብቻ ነበር። ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው፤ ስለ ልጅነት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጓደኛ። በፈቃዴ እህቴንም በስልክ አነጋገረቻት። እህቴ በሃያ ደቂቃ የተናገረችው የኔን አሥራ አንድ ገጽ አስናቀው።

ሕክምናው የቤት ሥራ ይበዛበታል። መጀመሪያ ኢሜይል ጽፌ አንዴ ብቻ አንብቤ እንድልክ ታዘዝኩ። ቀጥሎ ሆን ብዬ አንድ ፊደል አሳስቼ እንድልክ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት ማንም አላስተዋለም። እመኑኝ፣ ከስሕተቱ ይልቅ ያመመኝ ማንም አለማስተዋሉ ነው። ሃያ ዓመት ለማን ነበር የምጠነቀቀው?

ወደ ኋላ ስንሄድ አባቴ መጣ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ካርድ ይዤ ስገባ «አንደኛ ወጣህ? ጎሽ። ስንት አመጣህ? ዘጠና ስምንት? ሁለቷስ የት ሄደች?» ይለኛል፣ እየሳቀ። እሱ እየቀለደ ነበር። እኔ አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ሁለቷን ስፈልግ ኖርኩ።

ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ማስተርሱ አለቀ። ገጽ 41 ላይ ስሕተት አለ። የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

የማርያም_ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ልጄ፣ እኔ እንደ እናት ልናገር። የኔም ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ነበር። ሰው ቤታችን አይመጣም፣ ምንጣፉ ይረገጣል ተብሎ። እኔ ጸበል ወሰድኩት። ጸበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፣ አልዋሽም። እሱ ግን ጸበሉ ላይ ወረፋ ሲያስተካክል ነበር የዋለው። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረን አልነበረም። አንቺ ጸበሉንም፣ ሐኪሙንም አትተዪ። ደግሞ ንስሐ አባታችሁ ቢመክሩት ይሰማቸው ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ሰው ትእዛዝ ያከብራል።

ነጭ_ጋዋን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እናቴ፣ የወረፋዋን ነገር በልቤ ይዣታለሁ። ሐሳብዎ ትክክል ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ፣ ሰውዬው የሚያከብረው ሰው «ሂድ» ሲለው ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ጾምና ጸሎት ማጥበቅ በራሱ ምልክት አይደለም። ዲኤስኤም-5 ድርቅናው ከሃይማኖት ወይም ከባህል የመጣ ከሆነ አይቆጠርም ይላል።

ቤይሩት_የነበረች | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡45

እህቴ፣ አምስት ዓመት የሠራሁባት ማዳም ፎጣ በሜትር እየለካች ታሳጥፈኝ ነበር። ሰሃን አጥቤ ስጨርስ ደግማ ታጥበዋለች፣ ከዚያ «ለምን አመሸሽ» ትላለች። ምን እንዳለባት አላውቅም፣ የኔም ጉዳይ አልነበረም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያንቺ ሰውዬ እጁን ያነሳብሻል? ደመወዝሽን ይይዝብሻል? ከቤተሰብሽ ይከለክልሻል? ሕመም ነው ሲባል ሁሉም ነገር ይቅር እንዳይባል ብዬ ነው።

የሰኔ_ዝናብ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። የለም፣ እጁን አንስቶ አያውቅም። ደመወዜም የራሴ ነው፣ ደረሰኙን ይጠይቀኛል እንጂ። ልጅቷ ላይ የሚያደርገው ነው የሚያስፈራኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ «ሁለቷስ የት ሄደች» የሚለውን ሳነብ አለቀስኩ። አማቴ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚሉት። ግን እንዴት አድርጌ ልውሰደው? «ስብዕናህ ተዛብቷል» ብዬ ልጀምር?

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ኧረ በፍጹም! «ስብዕናህ» ብትዪው የመዝገበ ቃላት ፍቺውን ያስረዳሻል።

እሱን በሚያመው በኩል ግቢ። እንቅልፉ ነው? ያለፈው ዕድገት ነው? እኔን «ግትር ነህ» ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ተሟግቼ አሸንፌአቸዋለሁ። «ደክሞሃል» ያለችኝ አንድ ሰው ነበረች፣ ለእሷ መልስ አልነበረኝም። ደግሞ በሽንኩርት ዋጋ አትሟገቺው። በቁጥር ጦርነት አታሸንፊውም፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ነጭ_ጋዋን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ያለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ሕክምናው ጥቂት ልበል።

ለኦሲፒዲ ብቻ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ፍሎክሰቲን ድብርትና ጭንቀት ካለ ይረዳል፣ እንቅልፉ የተሻለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን በልምምድ የሚለውጠው ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነገረን የኢሜይል ዓይነት ሥራ እዚያ ውስጥ አለ። ስኪማ ቴራፒም አለ፤ የአባትየውን ዓይነት ከልጅነት የተቋጠረ ነገር ይፈታል። ኔዘርላንድ ውስጥ 323 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ስኪማ ቴራፒ ከተለመደው ሕክምና በላይ ብዙ ሰው እንዳዳነ አሳይቷል። ታካሚዎቹ የተለያየ የስብዕና መዛባት የነበረባቸው ናቸው፣ ኦሲፒዲም አንዱ ነው። ቶማስ ሊንች የሚባል ባለሙያ ደግሞ ራሳቸውን ከልክ በላይ ለሚቆጣጠሩ ሰዎች የሚሆን ዘዴ ሠርቷል፤ ስሜትን ፊት ላይ ማሳየትን ጭምር ያስተምራል።

ስለ ክፉ ቀን ያነሳሽው ነገር በጣም ይገርማል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናት ኦሲፒዲ ያለባቸውን ሰዎች «አሁን ትንሽ ብር ወይስ ቆይቶ ብዙ?» እያለ አስመረጣቸው። ከጤነኛውም፣ ኦሲዲ ብቻ ካለበትም ይልቅ የሚጠብቁት እነሱ ሆነው ተገኙ። ለሌላው ሰው መታገሥ ትግል ነው። ለእነሱ ትግሉ ዛሬን መብላት ነው።

ሐኪሙ ሌላ ስም ቢጽፍላችሁም አትደናገጡ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ፣ አይሲዲ-11፣ የዓይነት ስሞቹን አስቀርቶ ክብደቱን ነው የሚጠይቀው፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ይህን ጠባይ «አናንካስቲያ» ይለዋል፣ በግሪክኛ ከግዴታ የመጣ ቃል ነው።

ቤይሩት የነበረች ያነሳችውን አትርሱ። ስም ማግኘት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ደግሞ መኖር እንዳስጠላው የሚናገር ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

የሰኔ_ዝናብ | ከሁለት ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

የጠፋሁባችሁ መስሏችሁ ይሆናል። ሄድን!

«ደክሞሃል» አልኩት፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አዎ» አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይከራከር «አዎ» ሲለኝ ይህ መጀመሪያው ይመስለኛል።

አሁን ያገኘናት ሐኪም ሦስት ቀጠሮ ወሰደችበት። እኔንም ለብቻዬ ጠየቀችኝ። ድብርት አለበት፣ ሥሩ ግን ኦሲፒዲ ነው አለችን፤ ኦሲዲ የለበትም። መድኃኒቱን ለድብርቱ እንዲቀጥል አድርጋ ለንግግር ሕክምናው ሳይኮሎጂስት ጋ መራችን። በሳምንት አንዴ ይሄዳል። ክፍያውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ከፈለ (ደረሰኙን አስቀምጧል)። ስሙን ሲሰማ ደግሞ አልተቆጣም። መጽሐፍ ጠየቃት።

የመጀመሪያው የቤት ሥራው የልጃችን የቤት ሥራ ነበር። አይቶ፣ ፈርሞ፣ መመለስ ብቻ። እስክሪብቶው ከፈረመ በኋላ ለኔ ይሰጣል። ልጅቷ «ቀ»ን መስመር አስለቅቃ ነው የጻፈችው፣ እኔም አይቻታለሁ። እሱ ሁለት እጆቹን ጭኑ ስር አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ፈረመ። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ደብተሯን አንስታ ሮጠች።

ሌሊት ስነቃ አልጋው ላይ የለም። ሳሎን መብራት አብርቶ ደብተሩን ገልጦ ተቀምጧል። እስክሪብቶ አልያዘም። ያየዋል ብቻ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «መስመሩን ለቋል» አለኝ። «አዎ፣ ለቋል» አልኩት። ተነሥተን ተኛን።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ትናንት በእንጀራው መሶብ አከፋፈት ተጣልተናል።

ይህንንም ክር አስነብቤዋለሁ። መጀመሪያ ተቀየመኝ፣ ገመናችንን አውጥተሽ ብሎ። ከዚያ የሲልቨር ስፕሪንግን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ገጽ 41 ላይ ስንት ቁጥር መስመር እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብሏል። በመጨረሻ ደግሞ ምን አለ? «ጎመን በጤና የምትባለዋ 'ሐኪም'ን ሁለት ጊዜ በሀሌታው ሀ ጽፋለች። በሐመሩ ሐ ነው።»

ሲልቨር_ስፕሪንግ | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡02

መስመር 17። ሰላም በዪልኝ።

ጎመን_በጤና | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡15

ሃሃሃ! በሐመሩ ሐ ይቅርታ ጠይቃለች በይው። ኮሪደሩስ ተቀባ?

የሰኔ_ዝናብ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡20

ብሩሽ እየፈለገ ነው።